ከዓድዋ ጥይት እስከ ቦሌ አራብሳ አልትራሳውንድ

1888 ዓ.ም. ለኢትዮጵያዊ የዓድዋ ዓመት ነው። በዚሁ ዓመት ጥቅምት 29 ቀን፣ የምኒልክ ጦር ወደ ሰሜን እየዘመተ ሳለ፣ ቩርዝቡርግ በምትባል የጀርመን ከተማ ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን የተባለ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ጨለማ ክፍል ውስጥ ሆኖ በጥቁር ወረቀት ከሸፈነው የመስታወት ቱቦ የሚወጣ፣ በዓይን የማይታይ ጨረር አገኘ። ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚስቱን የአና በርታን እጅ አነሳበት፤ አጥንቷና የጣቷ ቀለበት ቁልጭ ብለው ወጡ። የካቲት 23 ዓድዋ ላይ የሆነው ሆነ። በግንቦት አካባቢ ደግሞ ናፖሊ በሚገኘው የጣሊያን ወታደራዊ ሆስፒታል ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ ከኢትዮጵያው ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ክንድ በአዲሱ ጨረር አንስቶ ጥይቱ የተቀበረበትን ቦታ ለየ። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ራጅ ለጦር ቁስለኛ የዋለበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ይህ እንደሆነ ይመዘግባሉ። ግኝቱም፣ ጦርነቱም፣ የመጀመሪያው የጦር ራጅም በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ ገቡ።

በዚያን ጊዜ የራጅ ባለሙያ የሚባል ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ኤሌክትሪክና ቱቦ ያለው ሁሉ ያነሳ ነበር፤ ማሽኑ መሥራቱን የሚፈትሹትም የገዛ እጃቸውን ጨረሩ ላይ ደግነው ነው። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ በዚሁ ልማድ እጆቹ ተቃጥለው፣ በኋላም ተቆርጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1904 ሞተ። ኤዲሰንም ደንግጦ ከራጅ ሥራ ወጣ። የእርሳስ መከላከያው፣ ሥልጠናውና ሕጉ የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው።

ዛሬ ነገሩ ሁሉ ተለውጧል። ቦሌ አራብሳን እንውሰድ። ሰፈሩ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከጎሮና ከአያት ወዲያ የተዘረጋ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው፤ ስሙ ቦሌ ይበል እንጂ የሚተዳደረው ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ በተዋቀረው በለሚ ኩራ ሥር ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አያት ላይ ስለሚያበቃ የቀረው መንገድ የታክሲና የአውቶቡስ ነው። እንዲህ ባሉ አዳዲስ ሰፈሮች በሕንፃዎቹ የምድር ወለል ላይ ዳቦ ቤቱ፣ ፋርማሲውና ክሊኒኩ ተደርድረው ይታያሉ፤ የክሊኒኩ ማስታወቂያ ላይም ላብራቶሪና አልትራሳውንድ ጎን ለጎን መጻፋቸው የተለመደ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ለምትኖር፣ ሊፍት ለሌላት ነፍሰ ጡር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መገናኛ ድረስ ተሰልፋ ታክሲ ሳትጠብቅ ልጇን ታያለች።

ማሽኑ እንግዲህ አለ። የሚቀረው ጥያቄ ማን ይዞታል፣ የት ተማረ፣ ሥራውንስ ማን ያይለታል የሚለው ነው። በራጅና በአልትራሳውንድ ላይ ከሚደረጉት ምርምሮች ውስጥ ለተራው ሰው ኑሮ ቅርብ የሆኑት ይህን የሚጠይቁት ናቸው፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ተሠርተዋል።

በመጀመሪያ ሁለቱን ምርመራዎች መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋልና። ራጅ ጨረር ነው። ሰውነትን አልፎ ይሄዳል፤ አጥንት ሲያስቀረው ነጭ፣ አየር ሲያሳልፈው ጥቁር ሆኖ ይታያል። አልትራሳውንድ ግን ጨረር አይደለም፤ ድምፅ ነው። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሴኮንድ ከ20 እስከ 20 ሺህ ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ሲሆን ሆድ ላይ የሚደረገው ፕሮብ የሚልከው ከ2 እስከ 5 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገበውን ነው። ድምፁ በሰውነት ውስጥ በሴኮንድ 1,540 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 10 ሴንቲ ሜትር ወርዶ የገደል ማሚቶው እስኪመለስ 130 ማይክሮ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ማሽኑ ይህችን ጊዜ ለክቶ «ይህ ነገር በዚህ ጥልቀት ላይ ነው» ሲል ስክሪኑ ላይ ነጥብ ያኖራል። እናቶችን የሚያስደነግጠው ቀዝቃዛ ጄልም ያለ ምክንያት አይቀባም። በፕሮቡና በቆዳው መካከል አየር ከገባ ድምፁ እዚያው ይመለስና ምስሉ ይጠፋል።

ሁለቱ በእርግዝና ላይ ቦታ መለዋወጥ የጀመሩበትን ጊዜ በወር ደረጃ መናገር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በጁን 1958 ኦክስፎርድ ላይ ትሠራ የነበረችው ሐኪም አሊስ ስቱዋርት በእርግዝናቸው ወቅት ሆዳቸው ራጅ የተነሣ እናቶች ልጆች በካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከፍ እንደሚል የሚያሳየውን ሰፊ ጥናቷን አሳተመች። በዚያው ወር የግላስጎው የማህፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ ከጆን ማክቪካርና ከመሐንዲሱ ቶም ብራውን ጋር ሆኖ በድምፅ ሞገድ የሆድ ዕጢንና ጽንስን ማየት እንደሚቻል ላንሴት በተባለው መጽሔት አስነበበ። ዶናልድ መሣሪያውን ያገኘው ከሆስፒታል አልነበረም፤ ከቦይለር ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው የብረት ስንጥቅ የሚፈትሽበት ማሽን ነበረው። ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ1955 በቀዶ ሕክምና የወጡ የማህፀን ዕጢዎችን በመኪና ጭኖ ወደዚያ ወሰደ፤ ለማወዳደሪያም ትልቅ ሙዳ ሥጋ ተዘጋጅቶ ነበር። ሥጋው በኋላ የማን ምሳ እንደሆነ ታሪክ አልመዘገበም።

«አልትራሳውንድ ደጋግሞ መታየት ጽንሱን ጨረር ያስመታዋል» የሚለው የሰፈር ፍርሃት መሠረት የለውም፤ የሚመታ ጨረር የለምና። ለሕክምና ሲባል በባለሙያ የሚደረገው ምርመራ በአሥርት ዓመታት አጠቃቀም ጉዳት አላሳየም። ባለሙያዎቹ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደም ዝውውር የሚለካበትን ዶፕለር ያለ ምክንያት አይከፍቱም፤ የድምፁ ጉልበት በዚያ ላይ ከፍ ስለሚል ነው።

ወደ ራጅ እንመለስ። ደረት የሚነሣ ሰው ሁሉ «ትንፋሽ ሳብ! ያዝ! አትንቀሳቀስ!» የሚለውን ትእዛዝ ያውቀዋል። ታካሚው ሥነ ሥርዓት ይመስለዋል እንጂ ትእዛዙ ስሌት አለው። ትንፋሹ በደንብ ከተሳበ በሳንባው ላይ በጀርባ በኩል 10 ያህል የጎድን አጥንቶች ይቆጠራሉ። ካልተሳበ ሳንባው ይጨማደዳል፣ ልብ ያለ መጠኗ ሰፍታ ትታያለች፣ ሐኪሙም የሌለ የልብ ሕመም ሊጽፍ ይችላል። ትከሻ ወደ ፊት የሚገፋው የትከሻ አጥንቱ ከሳንባው ላይ ገለል እንዲል ነው። አልጋ ላይ ተኝቶ ከፊት የተነሣ ራጅ ልብን ያሳብጣል፤ ቆሞ ከጀርባ የተነሣው ግን ልኳን ይሰጣል። ይህን ሁሉ የሚያስተካክለው የራጅ ቴክኖሎጂስቱ ነው። ስሙ ሪፖርቱ ላይ አይወጣም፤ ታካሚውም አያስታውሰውም።

እርሱ ሲሳሳት ምን እንደሚሆን አዲስ አበባ ውስጥ የተጠና ጉዳይ ነው። የሬዲዮሎጂ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች የሆኑት ዳንኤል ዘውድነህ፣ ሰይፈ ተፈሪና ዳንኤል አድማሴ በጥቁር አንበሳና በቤተዛታ ሆስፒታሎች የተጣሉ የራጅ ፊልሞችን ሰብስበው ለምን እንደተጣሉ ለዩ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ወጣ። በኋላም ከባልደረቦቻቸው ጋር ጥናቱን በከተማዋ ወደሚገኙ ስምንት የመንግሥት ሆስፒታሎች አስፍተው እ.ኤ.አ. በ2012 አሳተሙ። ቆሻሻ መጣያ ቅርጫትን ለምርምር መረጃ ማድረግ የሚያስመሰግን ብልሃት ነው። ምክንያቱም እያንዳንዱ የተጣለ ፊልም ሁለት ዕዳ አለበት። አንዱ ገንዘብ ነው። ሌላው ታካሚው እንደገና ቆሞ ሁለተኛ ጨረር መቀበሉ ነው። ፊልሙ ጠቁሮ ከሆነ የጨረሩ መጠን በዝቷል፤ ነጥቶ ከሆነ አንሷል። ግማሹ ሳንባ ከተቆረጠ አቋቋሙ፣ ከደበዘዘ ደግሞ መንቀሳቀሱ ነው። እያንዳንዱ ጥፋት የራሱ ስም ሲወጣለት ማን ምን መሠልጠን እንዳለበት ይታወቃል።

ዲጂታል ራጅ ይህን ቅርጫት አጥፍቶታል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን የጠፋው ከዓይን ነው። የተበላሸው ምስል በአንድ ቁልፍ ይሰረዛል፤ ታካሚው ድጋሚ ይነሣል፤ ምንም ማስረጃ አይቀርም። ዲጂታሉ ከመጠን በላይ የበዛ ጨረርንም አስተካክሎ የሚያምር ምስል ያወጣል። በፊልሙ ዘመን ጥቁረቱ ባለሙያውን ያሳጣው ነበር፤ አሁን ማሽኑ ይሸፍንለታል። ስለዚህ የድጋሚ ምስሎችን መዝግቦ መቁጠር ከድሮው ይልቅ ዛሬ ነው የሚያስፈልገው።

መጠኑን በቁጥር ማወቅም ፍርሃትን ልክ ያስይዛል። የሰው ልጅ ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል የተፈጥሮ ጨረር ይቀበላል። አንድ የደረት ራጅ ቢበዛ 0.1 ሚሊሲቨርት ነው፤ የሁለት ሳምንት የተፈጥሮ ጨረር ያህል ማለት ነው። የሆድ ሲቲ ስካን ግን ወደ 8 ወይም 10 ይደርሳል፤ ይህ የሦስትና የአራት ዓመት ድርሻ ነው። ደረት ራጅ የሚፈራ ሰው «ሲቲ ይታዘዝልኝ» እያለ ሐኪሙን ሲለማመጥ ማየት እንግዲህ ግራ ያጋባል። ልጆች ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ሰውነታቸው እያደገ ያለ፣ ከፊታቸውም ረጅም ዕድሜ ያለ ነውና። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ልጆች በተለመደው ራጅ የሚቀበሉትን መጠን የለካ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 መታተሙ ለዚህ ነው። ሀገሪቱ ጉዳዩን በሕግ ያሰረችው በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 79 ነው፤ አዋጁ በ2000 እና በ2009 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች ተተክቷል።

ሥልጠናውን በተመለከተ ታካሚው የሚያያቸው ነጭ ጋዋኖች አንድ ቢመስሉም ሥራቸው ይለያያል። ራጁን የሚያነሳው ቴክኖሎጂስት ነው፤ የዳግማዊ ምኒልክ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ይህን ሙያ ካስተማሩት ነባር ተቋማት አንዱ ሲሆን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ያስተምረዋል። ምስሉን አንብቦ ሪፖርት የሚጽፈው ሬዲዮሎጂስት ደግሞ ሐኪም ከሆነ በኋላ ተጨማሪ የስፔሻሊቲ ዓመታት የተማረ ነው። በራጅ ሁለቱ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ መሆን አይጠበቅባቸውም። አራብሳ ላይ የተነሣን የደረት ራጅ ጥቁር አንበሳ ያለ ሐኪም በስልኩ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል።

አልትራሳውንድ ላይ ይህ አይሠራም። የሚያነሳውና የሚያነበው አንድ ሰው ነው፤ የሚያነበውም እያነሳ ነው። ፕሮቡ ያላለፈበትን ቦታ ማንም ፕሮፌሰር በኋላ ሊያየው አይችልም። ወረቀት ላይ የሚታተሙት ሁለት ሦስት ምስሎችም ባለሙያው ከብዙ መቶዎቹ መርጦ ያቆማቸው ናቸው። ሌላ ሀገር ለዚህ ሥራ ብቻ የሚማር ሶኖግራፈር የሚባል ባለሙያ አለ፤ እኛ ዘንድ ሥራው በሬዲዮሎጂስቱ፣ በማህፀንና ጽንስ ሐኪሙ፣ በጠቅላላ ሐኪሙና አሁን አሁን በአዋላጅ ነርሷ መካከል ተከፋፍሏል።

የእጅ ልዩነት ምን ያህል እንደሚያመጣ አንድ ልኬት ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። የጽንሱን ዕድሜ ለማወቅ ከሚለኩት ነገሮች አንዱ የጭንቅላቱ ስፋት ነው። ባለሙያው ፕሮቡን ቀስ ብሎ እያዘነበለ ጭንቅላቱ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ፣ የመሐል መስመሩ ቀጥ ብሎ ሁለቱን ንፍቀ አንጎል እኩል ሲከፍል፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ደግሞ ታላመስ የተባሉት ጥንድ ጥላዎች ብቅ ሲሉ ያቆመዋል። ከዚያ ከአንዱ የራስ ቅል ጠርዝ እስከ ሌላው ሁለት ምልክት ያኖራል። እጁ ትንሽ ወደ አንገት በኩል ቢወርድ ሌላ የአንጎል ክፍል ይገባበታል፤ አግድሞሽ ቢይዘው ሞላላው ክብ ይሆናል። ማሽኑ ግን አያውቅም። የተሰጠውን ሚሊ ሜትር ተቀብሎ፣ ሳምንትና ቀን አስልቶ፣ የመውለጃ ቀን አትሞ ያወጣል። ወረቀቱ የተሳሳተ ቢሆንም አያፍርም። እናትየው እጅ ሲደርስ የኮምፒዩተር ቃል ነው፤ ማን ይጠራጠረዋል?

የአንድና የሁለት ሳምንት ስሕተት የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ሁለት ትልልቅ ጥናቶች አሳይተዋል። ያለ ጊዜያቸው ሊወለዱ ለሚችሉ ሕፃናት ሳንባ ማጠንከሪያ ስቴሮይድ መርፌ ለእናቲቱ ይሰጣል፤ በበለጸጉት ሀገራት የታወቀ ሕክምና ነው። ኬንያንና ዛምቢያን ጨምሮ በስድስት ሀገራት በኅብረተሰብ ደረጃ የተሞከረው፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ግን ያልተጠበቀ ነገር አመጣ። መርፌው በተስፋፋባቸው አካባቢዎች በጠቅላላው የሕፃናት ሞት ጨመረ። የእርግዝናው ዕድሜ በአብዛኛው የተገመተው በወር አበባ ትውስታና በማህፀን ቁመት ስለነበር መርፌው ቀናቸው ለደረሰ ብዙ እናቶችም ተሰጥቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ያስተባበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ ዕድሜው በአልትራሳውንድ የታወቀውን ብቻ፣ ከ26 እስከ 33 ሳምንት ያሉትን፣ በቂ እንክብካቤ ባለባቸው ሆስፒታሎች አስገባ። መርፌውን ካገኙት መካከል የሞቱት ሕፃናት 19.6 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 23.5 በመቶ ሆኑ። መድኃኒቱ ያው መድኃኒት ነው። ከሁለተኛው ጥናት ጋር አብሮ የነበረው የሆስፒታሉ እንክብካቤና በትክክል የታወቀ ሳምንት ነው።

በትክክል የሚታወቀውም ቶሎ ሲታይ ብቻ ነው። ሁሉም ጽንሶች በመጀመሪያዎቹ ወራት እኩል ያድጋሉ ማለት ይቻላል፤ በኋላ አንዱ ይወፍራል፣ ሌላው ይከሳል። በመጀመሪያዎቹ 13 ሳምንታት የታየ እርግዝና ቀኑ ከአንድ ሳምንት በላይ አይዛነፍም። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየ ግን ስሕተቱ እስከ ሦስት ሳምንት ይሰፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ የመከረው ለዚህ ነው። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከነፍሰ ጡሮች 74 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ጊዜ ክትትል አድርገዋል፤ በመጀመሪያው ሦስት ወር የጀመሩት ግን 28 በመቶ ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ የከተማው ልማድ ይመጣል። ብዙ ባለትዳሮች ለአልትራሳውንድ የሚሄዱት ሆዱ ገፋ ካለ በኋላ፣ «ወንድ ነው ሴት?» ለማለት ነው። ጥያቄው አይነወርም፤ የጓጓ ቤተሰብ ይጠይቃል። ግን ጾታው ከተለየ በኋላ ብድግ ብሎ መውጣት የከፈሉበትን ዕቃ ሱቅ ጥሎ እንደመሄድ ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ የሚታዩት ዋና ዋና ነገሮች ሌሎች ናቸው፦ ጽንሱ ማህፀን ውስጥ ነው ወይስ ቱቦ ላይ፣ አንድ ነው ወይስ መንታ፣ ልቡ ይመታል ወይ፣ የእንግዴ ልጁ የማህፀን በሩን ዘግቷል ወይ፣ የሽርት ውሃው በቂ ነው ወይ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በጭንቅላቱ ነው ወይስ በመቀመጫው የመጣው። የእንግዴ ልጁ በሩን የዘጋባት እናት ይህን ሳታውቅ አራብሳ ቤቷ ምጥ ብትጀምር፣ ደሙ ሲመጣ በዚያ ሰዓት ታክሲ ፍለጋ ነው የሚኬደው።

በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ለ40 ሺህ ሕዝብ ነው የሚታቀደው። ለእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ሬዲዮሎጂስት ማስቀመጥ ስለማይቻል አዋላጆችን ማሠልጠን አማራጭ ሆኖ ቀርቧል። በዩኤስኤአይዲ ድጋፍ ይካሄድ የነበረው ትራንስፎርም የመጀመሪያ ደረጃ ጤና እንክብካቤ ፕሮጀክት በተወሰኑ ጤና ጣቢያዎች ለሚሠሩ መካከለኛ ባለሙያዎች ቪስካን የተባለችውን በእጅ የምትያዝ አልትራሳውንድ ሰጥቶ አሠልጥኗል። የተማሩት ሁሉንም አይደለም፤ ጥቂት ነገሮችን ለይቶ ማየትና አጠራጣሪውን ወደ ሆስፒታል ሪፈር ማድረግ ነው። በዚያ ሥራ ላይ የታተሙ ጽሑፎች አገልግሎቱ በገባባቸው ቦታዎች የክትትልና የጤና ተቋም ወሊድ አጠቃቀም መሻሻሉን ይገልጻሉ።

ይሁን እንጂ ከዚህ ጎን መነበብ ያለበት ሌላ ጥናት አለ። ኮንጎ፣ ኬንያ፣ ዛምቢያ፣ ፓኪስታንና ጓቲማላ ውስጥ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ፈርስት ሉክ የተባለ ሙከራ ነርሶችንና አዋላጆችን ሁለት ሳምንት በክፍል፣ ከዚያም 12 ሳምንት በክትትል አሠልጥኖ በገጠር ጤና ጣቢያዎች አሠማራ። ሠልጣኞቹ ሥራቸውን በደንብ ሠሩ። ነገር ግን አልትራሳውንድ የገባባቸውና ያልገባባቸው አካባቢዎች ሲወዳደሩ የክትትሉ ቁጥርም፣ የሆስፒታል ወሊዱም፣ የእናትና የሕፃን ሞቱም ልዩነት አላሳየም። አንዳንዶች ይህን አንብበው «እንግዲያው አልትራሳውንድ አይጠቅምም» አሉ። ያ ችኮላ ነው። አዋላጇ መንታውን አይታ ሪፈር ብትጽፍ፣ መኪና ከሌለ ወይም የደረሰችበት ሆስፒታል ውስጥ ደምና ቀዶ ሐኪም ከሌለ ምስሉ ብቻውን ማንንም አላዳነም። ቦሌ አራብሳ በዚህ በኩል ከብዙ ገጠር ትሻላለች፤ ኤካ ኮተቤም ሆነ ሌሎች ሆስፒታሎች በከተማው ክልል ውስጥ ናቸው። እዚህ የሚፈተሸው ሪፈሩ ስንት ሰዓት ይፈጃል የሚለው ነው።

ተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድ በሠለጠነ እጅ ምን ማድረግ እንደሚችል በዚህችው ሀገር ጫፍ ቀደም ብሎ ታይቷል። በሐመር ሕዝብ መካከል ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውንና በጉበት ውስጥ የውሃ ከረጢት የሚሠራውን የሃይዳቲድ በሽታ በአልትራሳውንድ የፈለገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1993 ታትሞ በሽታው በተለይ የሴቶች ችግር መሆኑን አሳይቷል። ኤሌክትሪክ በሌለበት ሜዳ ላይ ማሽን ይዞ ሆድ ለሆድ መዞር ቀላል ሥራ አልነበረም።

አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ሰዎች ለቲቢ ሲለዩ የደረት ራጅን ኮምፒዩተር እንዲያነበው ፈቅዷል። ሬዲዮሎጂስት በሌለበት ወረዳ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በአልትራሳውንድም የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲና የዛምቢያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳሳዩት ፕሮቡን ሆድ ላይ በተወሰነ መስመር ከማንሸራተት ሌላ ልምድ የሌለው ሰው ቢይዘውም ኮምፒዩተሩ የጽንሱን ዕድሜ ከባለሙያ ባልተናነሰ ይገምታል። የጭንቅላቱን ሞላላነት ያለመጠበቅ ስሕተት በዚህ መንገድ ሊቀንስ ይችላል። ደም የሚፈስሳትን እናት አልጋ ላይ አገላብጦ የሚያይ፣ ከልቡ የሚጠራጠር ሰውን ግን ኮምፒዩተሩ አይተካም። ደግሞም የሚሠራ ማሽን ይፈልጋል።

ማሽኑ ራሱ ብዙ ይሠቃያል። በ16 ታዳጊ ሀገራት የተሰበሰቡ የሆስፒታል ዕቃ ዝርዝሮችን የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ከዕቃው 40 በመቶ ገደማ የማይሠራ ሆኖ አግኝቶታል። አልትራሳውንድ ላይ በብዛት የሚጎዳው ውዱ ክፍል ፕሮቡ ነው። ውስጡ የተደረደሩት ክሪስታሎች አንድ ጊዜ ከጠረጴዛ ሲወድቅ ይሰነጠቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ምስሉ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል። ባለሙያው ይለምደዋል። ከጊዜ በኋላ መስመሩ ያለበትን ቦታ ሳያስበው እየዘለለ ማየት ይጀምራል፤ ከመስመሩ ሥር ያለውን ነገርም አብሮ ይዘላል። ገመዱ በወንበር እግር ሥር ሲያልፍ፣ ፊቱ በአልኮል ሲታሸት፣ ጄሉ ሳይጠረግ ሲያድር ዕድሜው ያጥራል። ለዚህ መሐንዲስ አያስፈልግም፤ አንድ ገጽ መመሪያና ኃላፊነት የሚወስድ አንድ ሰው በቂ ነው።

ለእናቲቱ ደግሞ የሚቀረው ሥራ ወረቀቱን መያዝ ነው። መጀመሪያ የታየችበት ቀን፣ በዚያ ቀን የተለካው ሳምንትና የመርማሪው ስም በላዩ ላይ ተጽፎ እንደሆነ ከክፍሉ ሳትወጣ ትጠይቅ። ስምንተኛ ወር ላይ ሌላ ክሊኒክ ብትታይና ሌላ የመውለጃ ቀን ቢታተምላት አሮጌውን ጥላ አዲሱን አትያዝ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የወጣው ቀን ነው የሚጸናው፤ በኋላ የሚመጣው ልዩነት ብዙውን ጊዜ የጽንሱን ክብደት እንጂ ዕድሜውን አይናገርም። በሌሊት ሪፈር ተብላ የምትገባበት ሆስፒታል ተረኛ ሐኪም በቅድሚያ የሚጠይቃት ይህንኑ ወረቀት ነው፤ የክትትል ካርዷ ውስጥ ተጣጥፎ ይቀመጥ።